ኢንጂነር እንደገና

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየዘመዱ መሃል የተሠራን ነገር አይቶ «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ በር ብታሰቅሉ ቀለሙን አያይላችሁም፤ ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል። ጠረጴዛ ብትገዙ ገና እንኳን ደስ ያላችሁ ሳይል ያወዛውዘዋል። ልጃችሁን ብትድሩ፣ ሰው ሁሉ ሙሽሮቹን ሲያይ እሱ የድንኳኑን ምሰሶ ይነቀንቃል። ግብዣ ላይ አጠገቡ መቀመጥ የሚፈልግ የለም። ጣሪያ ያፈሰሰ ዕለት ግን መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።

ለእኛ ትምህርት ቤት የደረሱን ከዚህ ዓይነት ሰው ሁሉ የባሱት ናቸው። የሦስተኛ ክፍል መምህር ሲሆኑ፣ ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር ኢንጂነር እንደገና፣ የካርቶን ሊቀ ሊቃውንት፣ የባዶ ጠርሙስ ባለአደራ፣ የወደቀ ድልድይ ሁሉ አባት ነው። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁም፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። እኔ ማዕረግ የመስጠት ሥልጣን የለኝም። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮሪደር፣ ሃያ ሰባት ደረጃ።

የመጡ ዕለት ሌላው አዲስ መምህር እንደሚያደርገው ቢሯችን የት ነው፣ ደብተር ከማን እንወስዳለን አላሉም። ቀጥ ብለው እኔ ጋ መጡና የቆሻሻ ማጠራቀሚያዬን ክዳን አንሥተው አጎነበሱ።

«እማማ፣ ምን ምን ይጥላሉ?»

ደነገጥሁ። «መምህር፣ የማይጣል ነገር ጥዬ አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ ጥለዋል» አሉ በሐዘኔታ፣ አንድ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን በሁለት ጣታቸው እያወጡ። «ይሄ ምን አደረገዎት?»

በወሩ ከደረጃው ሥር ያለችው ዕቃ ቤቴ የእኔ መሆኗ ቀረ። የእንቁላል ካርቶን እስከ ጣሪያ፣ ማኅበርተኛ የሚያህል የሽንት ቤት ወረቀት ባዶ ጥቅል ክምር፣ በየቀለሙ የተለየ የጠርሙስ ክዳን፣ የተሰበረ ጃንጥላ አጥንት፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የአንድ እግር የጫማ ሶል። መጥረጊያዬ ከቤቱ ተፈናቅሎ ኮሪደር ላይ ቆመ።

ከዚያ ረቡዕ ረቡዕ «የንድፍ ክፍለ ጊዜ» የሚባል ነገር ጀመሩ። አንድ ረቡዕ ፎቅ ላይ እየወለወልሁ ሳለ ከሦስተኛ ክፍል «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አስከትሎ የሠላሳ ስምንት ልጆች ጩኸት። አንዱ በመስኮት ወደቀ ብዬ መወልወያዬን እንደያዝሁ ዘልዬ ገባሁ። የወደቀ ልጅ የለም። በሁለት ወንበሮች መካከል ከጋዜጣ የተሠራ ድልድይ ለሁለት ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ተዘርሯል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ።

«ወደቀ! ወደቀ!»

መምህሩ ከሁሉም የባሰ ደስ ብሏቸዋል። እጃቸውን እያፋተጉ፣ «ጎሽ! ተበላሸ! ምን አወቅን?» ይላሉ።

«መሃሉ ላይ ነው የታጠፈው፣ ቲቸር!»

«ጋዜጣውን ብንጠቀልለው ይጠነክራል!»

«መዝገበ ቃላቱ በጣም ወፍራም ስለሆነ ነው» አለ የላይ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ አንድ ልጅ።

«እሱን ማክሳት አንችልም። ድልድያችንን ምን እናድርገው? በሉ፣ እንደገና!»

በእኔ ልጅነትም ዕቃ ለሰበረ ልጅ ይጨበጨብ ነበር፤ የሚጨበጨበው ግን መቀመጫው ላይ ነው። እነዚህ ልጆች ግን አንድ ነገር በተሰበረ ቁጥር ፊታቸው ይበራል። ግድግዳው ላይ በካርቶን የተቆረጠ ትልቅ ክብ ተሰቅሏል፤ ዙሪያውን «ጠይቅ፣ አስብ፣ ንደፍ፣ ሥራ፣ ሞክር፣ አሻሽል» ተብሎ ተጽፎ፣ ከ«አሻሽል» አንድ ቀስት ተመልሶ ወደ «ጠይቅ» ይሄዳል። አንድ ቀን ማንም በሌለበት አቧራውን ስጠርግለት ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«መምህር፣ የቱ ጋ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም፣ እማማ።»

«የማያልቅ ሥራ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

በእጄ የያዝሁትን መጥረጊያ አዩት። እኔም አየሁት። ያንኑ ኮሪደር ስጠርግ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ወረርሽኙ ክፍል ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ አባት ጣታቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ግቢ ገቡ።

«መምህር፣ በገዛ እጄ የሰቀልሁትን መደርደሪያ ልጄ ስድስት ተኩል መጽሐፍ ብቻ ነው የሚሸከመው አለችኝ!»

«ተኩሉን እንዴት አገኘችው?»

«ሰባተኛውን ገና ከእጇ ሳትለቀው ወደቀ።»

«ጎሽ። ታዲያ ምን አወቃችሁ?»

ሰውየው ሊቆጡ ነበር የመጡት። ፕላስተር የለጠፉበትን ጣታቸውን አዩና፣ «ሚስማሩ አጭር ነበር» አሉ። በሳምንቱ ከግቢው በር ላይ ሆነው «አሥራ ዘጠኝ!» ብለው ሲጮኹ ዘበኛው የሎተሪ ዕጣ የደረሳቸው መስሏቸው እንኳን ደስ ያለዎት አሏቸው። ልጅቷ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ እያንጠለጠለች የምትዞር፣ ጓደኞቿ «ሜትሮ» የሚሏት ቀጭን ልጅ ናት።

የሙዚቃ መምህርቷም ደርሷቸዋል። ለመምህራን ማረፊያ ክፍል በእጃቸው የሰፉትን መጋረጃ ሰቅለው፣ ሁላችንም በአንድ አፍ «ቆንጆ ነው» አልን። ክቡርነታቸው የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ተነሡና መስኮቱን ሊከፍቱ ሞከሩ። መስኮቱ ከመጋረጃው ዘንግ ጋር ተጋጭቶ እምቢ አለ። «እንደገና» አሉ በለሆሳስ። የሙዚቃ መምህርቷ ሁለት ሳምንት ሰላም አላሏቸውም። በሦስተኛው ዘንጉን ከፍ አድርገው ሰቀሉና፣ «ለእሳቸው ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ለነፋሱ ብዬ ነው» አሉ።

እኔ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነኝ። ያሳደጉኝ ሰዎች «አልተመቸኝም» ማለትን ከስድብ እኩል ነው ያስተማሩኝ። አንድ ጊዜ ጫማ ሰፊ በልኬ ጫማ ሠራልኝና ጠበበኝ። «እንዴት ነው?» ቢለኝ፣ «ልክክ ብሏል፣ እጅህ ይባረክ» አልሁት። ሁለት ዓመት አነከስሁበት። በሱቁ በር ሳልፍ ግን ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው።

ዘንድሮ ቀኝ ትከሻዬ ከዳኝ። እጄ እስከ ደረቴ ድረስ ይነሣል፤ ከዚያ በላይ እምቢ። ውሃ ደግሞ ያለው ግቢው ውስጥ ባለችው ቧንቧ ብቻ ስለሆነ፣ በቀን አራት ባልዲ በደረጃው ማውጣት አለብኝ። ለሰው አልተናገርሁም። አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ ወገቧን ባመማት ጊዜ ዳይሬክተሯ እቅፍ አበባና የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሳርፈዋታል። በደግነት ነው ያደረጉት፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ልጠይቃት ስሄድ በሯ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ትቆጥራለች። «ዛሬ ሰባ ሁለት ሰው አለፈ» ትለኛለች። እኔ እንዲያ ማረፍ አልፈለግሁም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «እማማ!» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ያለው እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ትከሻዬን ደበቅሁት።

በዚህ መሃል ክቡርነታቸው ለልጆቹ አዲስ ሥራ ሰጡ። ሁለት ሁለት ሆነው በግቢው ውስጥ በአንድ ነገር የሚቸገር ሰው ፈልገው፣ ችግሩን የሚያቀልለት ነገር እንዲሠሩለት። ሜትሮና ጥርስ የለሹ ደብተር ይዘው ዕቃ ቤቴ በር ላይ ቆሙ።

«እማማ፣ ችግርዎ ምንድን ነው?»

«ምንም ችግር የለብኝም፣ የእኔ ቆንጆዎች። ተመስገን ነው።»

ሜትሮ «ምንም» ብላ ጻፈች። ጥርስ የለሹ ከፋው።

«ትንሽም? ዘበኛው እኮ ሦስት ችግር አላቸው! ሌሎቹ ቀደሙን እንጂ።»

«እሳቸው ድሮም ዕድለኛ ናቸው» አልሁት።

ሄዱ ብዬ ተገላገልሁ። መምህራቸው ግን «ሰው ችግሩን በአፉ ሳይሆን በእጁ ነው የሚናገረው፤ ሂዱና ተመልከቱ» ብለው መልሰው ልከዋቸው ኖሯል። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላዬ ነበሩ። በአራተኛው ቀን መጡና ሜትሮ ከደብተሯ አነበበችልኝ።

«ባልዲውን ይዘው ይወጣሉ። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ያስቀምጣሉ። ግድግዳውን ያያሉ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። አሥራ ስድስተኛው ላይ እንደገና ያስቀምጣሉ። እጃቸውን ይቀይራሉ። ሰው ሲመጣ ይዘፍናሉ።»

«እዘፍናለሁ እንዴ?»

«አዎ» አለ ጥርስ የለሹ። «ሰውየው ሲያልፍ ያቆማሉ።»

ምን ልበል? ተይዣለሁ። «ትንሽ ድካም ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም» አልኋቸው። ትከሻ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው፣ የተጀመረውም እዚህ ላይ ነው።

«ብቻ ለዳይሬክተሯ እንዳትነግሩብኝ።»

ጥርስ የለሹ ዓይኑን አፈጠጠ። «ይሄ መስፈርት ነው?»

«መስፈርት ደግሞ ምንድን ነው?»

«የምንሠራው ነገር የግድ እንደሱ መሆን አለበት ማለት ነዋ!»

«እንግዲያው ነው።»

ሜትሮ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ፊደሉን እየተጠነቀቀች ጻፈች፦ «መስፈርት አንድ። ዳይሬክተሯ እንዳያዩ።»

ስለዚህ የተሠራው ነገር ከሕንፃው በስተጀርባ ሆነ። የፎቁ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ማንም የማይወጣበት፣ አጥሩ ላይ ትንሽ መዝጊያ ያለው ሰገነት አለ። ልጆቹ ስድስት ጊዜ ነደፉ፤ ሰባተኛውን የጥገና ሠራተኛው የጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ወጥቶ አሠረላቸው። መዘውር፣ በመዘውሩ ላይ የሚዞር ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ መንጠቆ። ባልዲው ከታች ይታሰርና ገመዱ ከላይ ሲሳብ ይወጣል ነው ነገሩ። መጀመሪያ በባዶ ጣሳ ሞከሩ፤ ተገለበጠ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ በአሸዋ ከረጢት ሞከሩ፤ ተቀደደ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ግማሽ ባልዲ ውሃ መካከል ደርሶ ዘንበል አለና ዘበኛው ላይ ፈሰሰ።

«አሁን አራት ችግር አላቸው» አለ ጥርስ የለሹ።

ሁሉም ነገር ተለክቶ ነበር። የደረጃው ቁመት፣ የገመዱ ርዝመት፣ የባልዲው አፍ፣ ውሃው ስንት ጣሳ እንደሆነ። ሜትሮ ቁመቴንም ከግድግዳ ጋር አስደግፋ ለክታለች። ክንዴ ወዴት እንደሚሄድና ወዴት እንደማይሄድ ግን የለካ የለም፤ ሊለካ እንደሚገባ ማንም አልነገራቸውማ።

የርክክቡ ቀን ገመዱን ሰጡኝ። ገመዱ ከጭንቅላቴ በላይ ተንጠልጥሏል። እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ መያዝ፣ ወደ ታች መሳብ፣ እንደገና ወደ ላይ መዘርጋት። ልጆቹ ለሁለት ተንጠልጥለውበት ሲወርዱ ቀላል ነበር። እኔ አንዴ ስዘረጋ ከትከሻዬ እስከ አንገቴ እሳት ሄደ። ባልዲው ወጣ። ዓይኔ ውሃ አቀረረ።

«ድንቅ ነው!» አልሁ። «እጃችሁ ይባረክ!»

«እያለቀሱ ነው?» አለች ሜትሮ።

«ከደስታ ነው።»

ደስ ቢላቸውም ትንሽ ግራ የተጋቡ መሰለኝ። ያልተበላሸ ነገር አልለመዱም።

ከዚያ ዕለት ወዲያ ልጆቹ ትምህርት መግባታቸውን አረጋግጬ፣ ባልዲዬን አንጠልጥዬ እንደ ሌባ በእግር ጣቴ በደረጃው መውጣት ጀመርሁ። አሁን መዝፈንም አልቻልሁም። አንድ ምስጢር የነበረኝ ሴትዮ ሁለት ሆነብኝ፤ አንዱ ከዳይሬክተሯ፣ ሌላው ከሁለት የስምንት ዓመት ልጆች። ከሁለቱ የሚከብደኝ የልጆቹ ነበር።

ክቡርነታቸው ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ሠርተው ሰጥተው አይረሱም። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን «የሠራችሁት ነገር እንዴት እንደሰነበተ እዩ» ብለው ላኳቸው። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ዕቃ ቤቴ መጥተው የእንቁላል ካርቶኑን ገለል አድርገው ጣውላው ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ልጆቹ ገመዱ ደረቅ ነው አሉኝ።»

«ፀሐዩ ነው።»

«ፎቅ ላይ ያለው ባልዲ ግን ሙሉ ነው።»

እጄ ያለ ሥራ አይቀመጥምና አንድ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፌ ፈታሁ፣ አጣጥፌ ፈታሁ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኋቸው። ሲያዳምጡ አንዴም አላቋረጡኝም።

«ለልጆቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ለፍተው፣ ላባቸውን አፍስሰው! በምን አፌ አይሆንም እላለሁ?»

«እማማ፣ ይሉኝታ ድልድይ አይሸከምም። እርስዎ ‹ድንቅ ነው› ሲሏቸው አምነዋል። ነገ አድገው ለሌላ ሰው ሲሠሩ እንዲያ እያመኑ ሰው ላይ ይጥሉበታል። ነገ ክፍል ይምጡና ይንገሯቸው።»

«ነገ እኮ ዳይሬክተሯ የእርስዎን ክፍል ሊጎበኙ ነው የተባለው።»

«ነው።»

«ታዲያ?»

ለሁሉ ነገር ጥያቄ የማያጡት ሰው ሱሪያቸው ላይ የተጣበቀ የካርቶን ፍቅፋቂ ለቀሙ። «አላውቅም፣ እማማ» አሉ። «ላስገድድዎ አልችልም።»

በማግሥቱ ሄድሁ። ሽርጤን አጥቤ ተኩሼ ለብሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዳይሬክተሯ ኋላ ረድፍ ላይ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ በተሠራ አግዳሚ ውስጥ ጉልበታቸው አገጫቸው ሥር ደርሶ ተቀምጠዋል። ከፊት ቆምሁ። ሰባ ስድስት የልጅ ዓይን፤ ብጥስጣሽ ወረቀት ወለሉ ላይ፤ መጥረጊያዬ በእጄ የለም።

ሜትሮ እርሳሷን ይዛ ተነሣች። «እማማ፣ ገመዱ ለምን ደረቀ?»

ዳይሬክተሯን አየሁ። «ደህና ነው፣ ብዙ ጊዜ ሳልጠቀምበት ቀርቼ ነው» ብል ሥራዬን ይዤ እወጣለሁ። እውነቱን ብናገር አበባዬን ይዤ እወጣለሁ። ከዚያ ሜትሮን አየሁ። ልጅቷ ልትጽፍ ነው። ያልሁትን ሁሉ፣ አንዲት ፊደል ሳታጓድል ልትጽፍ ነው።

«ልጆቼ» አልሁ፣ «አልሆነልኝም።»

ልባቸው ተሰበረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ከዚያ ጥርስ የለሹ ዴስኩ ላይ ዘሎ ወጣ።

«ተበላሸ!»

ሠላሳ ስምንቱም አጨበጨቡ። ለእኔ! «ጎሽ፣ እማማ! ምን አወቅን?» ይላሉ በአንድ ድምፅ። እጄን አንሥቼ አሳየኋቸው፤ እስከዚህ ድረስ እሺ፣ ከዚህ በላይ እምቢ። ሜትሮ እየሮጠች መጥታ ከወለሉ እስከ ጣቴ ለካች። ጥያቄው ዘነበ።

«ግራ እጅዎስ?»

«ደህና ነው። ብቻውን ግን ባልዲ አይስብም።»

«ወገብዎስ?»

«ወገቤ ደህና ነው።»

«እግርዎስ?»

«እግሬ? እግሬማ ምን ይሆናል! ጠዋት ከቤቴ እስከዚህ አርባ ደቂቃ የምመጣበት አይደል?»

ሜትሮና ጥርስ የለሹ ተያዩ። «እግር አላቸው!» ብለው ጮኹ፣ ዛሬ የበቀለልኝ ይመስል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እግሬን እንዲህ ያደነቀልኝ የለም።

ያኔ ጥርስ የለሹ አንድ ነገር ትዝ አለው። «ቲቸር፣ ቲቸር! መስፈርት አንድም ወደቀ!»

«መስፈርት አንድ ምንድን ነው?» አሉ ዳይሬክተሯ ከኋላ።

ሜትሮ መምህሯን አየች። መምህሯ ጣሪያውን አዩ። ልጅቷ የተጻፈውን እንደተጻፈ ማንበብ ነው የተማረችው። «ዳይሬክተሯ እንዳያዩ» ብላ አነበበች።

«እኔ? ለምን እንዳላይ?»

«እንዳያሳርፉኝ ብዬ ነው» አልሁ፣ ለወለሉ።

«ግን እኮ… ያቺ ባልደረባዎ አመስግናኝ ነው የሄደችው!»

«አበባ ይዘው ፊቷ ቆመው፣ ከማመስገን በቀር ምን ትላለች?»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥሁ። የዳይሬክተሯ ፊት ቀላ። «ጠይቄያት አላውቅም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አጠነከሩ። «እርስዎ የትም አይሄዱም። ይሄ ነገር እስኪስተካከል ድረስ ባልዲውን ዘበኛው ያውጡ።»

«አምስተኛ ችግር» አለ ጥርስ የለሹ ቀስ ብሎ።

ዳይሬክተሯ ሊነሡ ሞከሩ። አግዳሚው አብሯቸው ተነሣ። ሜትሮ ሜትሯን ከአንገቷ እያወረደች ወደ ኋላ ስትሮጥ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ሲስቁ የሰማሁት ደረጃው ላይ ሆኜ ነው፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የዳይሬክተሯ ሳቅ ነበር።

ያቺን የድሮ ባልደረባዬን ዳይሬክተሯ በዚያው ሳምንት ቤቷ ድረስ ሄደው ጠየቋት። አሁን ሰኞና ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጣ የተቀደዱ መጻሕፍት ትለጥፋለች። የምትቆጥረው ገጽ ሆኗል።

ልጆቹን ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። አንደኛው መዘውር እዚያው ላይ ቀረ፤ ሁለተኛው በሰገነቱ በር ግርጌ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ታሠረ። ገመዱ ከላይ ወርዶ በእሱ ዞሮ ኮሪደሩን ይይዛል። ጫፉ ላይ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማንገቻ የተሰፋ ሰፊ መቀነት አለ። መቀነቱን ወገቤ ላይ እታጠቃለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ። ሌላ ምንም የለውም፤ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የክፍሎቹ በሮች ሁሉ ተከፈቱ። የሙዚቃ መምህርቷ ሳይቀሩ ወጡ። ዘበኛው ከታች ባልዲውን መንጠቆው ላይ ሰቅለው ፈንጠር ብለው ቆሙ፤ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ አይረጥብም። እኔ እንደ ሙሽራ መሃል ኮሪደር ላይ ቆሜ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

«ይሂዱ፣ እማማ!»

«አንድ!» አሉ ልጆቹ። «ሁለት! ሦስት!» ከኋላዬ ገመዱ ሲወጠር በወገቤ ይሰማኛል። «ሰባት! ስምንት! ዘጠኝ!» የመቀነቱን ቀለበት ግድግዳው ላይ ባለው ኩላብ ላይ ሰቅዬ ዘወር ስል፣ ባልዲዬ በሰገነቱ መዝጊያ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይዞራል። በግራ እጄ ሳብሁት። ጠብታ አልፈሰሰም። ትከሻዬ የሆነውን ነገር አልሰማም።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ሜትሮ እያጨበጨበች ታለቅሳለች። ጥርስ የለሹ፣ አሁን ሁለት አዳዲስ ጥርስ ጀምሮታል፣ ጮቤ ይረግጣል። መምህሩ ብቻ እጃቸውን ጨብጠው ቆመዋል። ዓይናቸው ገመዱ ላይ ነው። ምን እያዩ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም አይቼዋለሁና። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኋቸው።

«መምህር፣ እዚህ የበሩ ጠርዝ ላይ ገመዱ ይፋቃል። በዚህ ከቀጠለ ክረምቱን አይደርስም። አንድ ነገር ይደረግበት።»

ልጆቹ ወደ በሩ ጠርዝ ተንጋጉ። መምህሩ ወደ ክፍሉ ገብተው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ የሚጽፉት ነገር ግን አልነበረም። ጠመኔ በያዙበት እጃቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ በበሩ አየኋቸው። ዞር ሲሉ ከዓይናቸው ሥር እስከ ጆሯቸው ድረስ ወፍራም ነጭ መስመር ተስቦባቸዋል። ነግሬያቸው በእርጥብ ጨርቄ ላብስላቸው ይገባኝ ነበር፤ ጽዳት ሥራዬ ነው። ዝም አልሁ። ቀኑን ሙሉ ነጭ ጉንጫቸውን ይዘው ያንን ኮሪደር ሲመላለሱበት ዋሉ፤ እኔም እየወለወልሁ፣ ባለፉ ቁጥር ቀና ብዬ አያቸዋለሁ።